ቁራጭ ተብሎ የተጀመረው ግዙፍ መጽሐፍ

እንግሊዝኛ ተናጋሪ አንድን መጽሐፍ «ቶም» ብሎ ሲጠራ ክብደቱን መንገሩ ነው። ቶም የሚባለው በአንድ እጅ ተይዞ የማይነበብ፣ ጠረጴዛ የሚፈልግ፣ ብዙ ጊዜም ከመደርደሪያው የማይወርድ ወፍራም መጽሐፍ ነው። በአጠራሩ ውስጥ ትንሽ አክብሮት፣ ትንሽም ሽሙጥ አለ። ኪስ ውስጥ የምትገባ ልብ ወለድ ቶም ከተባለች ለቀልድ ነው። የቃሉ የዘር ሐረግ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመራል። እንግሊዝኛው ከፈረንሳይኛ፣ ፈረንሳይኛው ከላቲኑ «ቶሙስ»፣ ላቲኑም ከግሪኩ «ቶሞስ» ተወረሰ፤ ቶሞስ ደግሞ «ቆረጠ» ከሚል ግሥ የወጣ ነውና ቁራጭ ማለት ነው። የማይቆረጥ ተብሎ የተሰየመው አቶም፣ አካልን እየቆራረጡ የሚያጠኑበት አናቶሚም የዚሁ ግሥ ልጆች ናቸው። እንዲያውም ግሪኮች ከረጅም መጽሐፍ ተጨምቆ የሚወጣውን አጭር ጽሑፍ «ኤፒቶሜ» ያሉት ከዚሁ ሥር ስለሆነ፣ የግዙፉ መጽሐፍና የማሳጠሪያው ስሞች የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። መዝገበ ቃላት ይህን ሁሉ ጉዞ በአንድ መስመር ያልፉታል፦ መጀመሪያ ቁራጭ፣ ቀጥሎ የመጽሐፍ ክፍል፣ በመጨረሻ ትልቅ መጽሐፍ። መጻሕፍት እየገዘፉ ስለሄዱ ስማቸውም አብሮ የገዘፈ ይመስላል። እኔ በዚህ አልስማማም። መጻሕፍት ይህ ቃል ክብደት ከማግኘቱ ከሺህ ዓመት በፊት ገዝፈው ነበር፤ ቃሉ የከበደው የቀድሞ ሥራውን በተነጠቀበት ጊዜና አገር ብቻ ነው። ይህን ለማየት ታሪኩን ከሥሩ ጀምሮ መከተል ያስፈልጋል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከናይል ዳር ነው። በጣና ሐይቅ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል በጥንታዊት ግብፅ ፓፒረስ የተባለው የጽሕፈት ቁስ ምንጭ ነበር። የተክሉ ውስጠኛ ክፍል በስሱ ይሸነሸንና አንዱ ድርብ በቁሙ፣ ሌላው በአግድሙ ተነባብሮ፣ ተጨፍልቆና ደርቆ ገጽ ይሆናል፤ ገጾቹም ጎን ለጎን ተጣብቀው ይጠቀለላሉ። በ79 ዓ.ም. ቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የሞተው ሮማዊው ፕሊኒ፣ አንድ ጥቅል ከ20 በላይ ገጾች ኖረውት እንደማያውቅ ጽፏል። ይህ ከሠሪው እጅ ወጥቶ የሚሸጠው ጥቅል ነው። ጸሐፊው አጭር ነገር ካለው የሚበቃውን ያህል ቆርጦ ይወስዳል፤ ረጅም ነገር ካለው ሌላ ጥቅል ያጣብቃል። ቶሞስ ወደ መጽሐፍ ዓለም የገባው በዚህ ቢላዋ በኩል ነው። ማጣበቁ ራሱ ገደብ አልነበረውም፦ ከራምሴስ 3ኛ ዘመን ጋር የተያያዘውና አሁን በብሪቲሽ ሙዚየም ያለው ታላቁ የሃሪስ ፓፒረስ ከ40 ሜትር በላይ ይዘረጋል። ገደቡ ያለው አንባቢው እጅ ላይ ነው። ጥቅል የሚያነብ ሰው በአንድ እጁ እየፈታ በሌላው እየጠቀለለ ይሄዳል፤ ሲጨርስም ለሚቀጥለው አንባቢ መልሶ መጠቅለል አለበት። ስለዚህ ረጅም ድርሰት በብዙ ጥቅሎች ይከፋፈል ነበር። ሊቪ የሮምን ታሪክ የጻፈው በ142 መጻሕፍት ነው ሲባል በጊዜው ቋንቋ 142 ጥቅሎች ማለት ነው፤ ትልቁ መጽሐፍ በሣጥን የሚቀመጥ የትናንሽ ቁራጮች ክምችት ነበረ።

በዚያ ዘመን ቃሉ የመጠን ስሜት እንዳልነበረው የሚያሳይ ጥሩ ምስክር አለ። ሰብዓ ሊቃናት በሚባለው የብሉይ ኪዳን የግሪክኛ ትርጉም፣ በኢሳይያስ 8ኛ ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ነቢዩ ወስዶ እንዲጽፍበት የታዘዘው ነገር ቶሞስ ተብሏል። ተርጓሚዎቹ ግን ቶሞሱ ትልቅ መሆኑን ለመግለጽ «ታላቅ» የሚል ቅጽል መጨመር ነበረባቸው። ግዝፈት በቃሉ ውስጥ ቢኖር ቅጽሉ ባላስፈለገ። ትልቅ መጽሐፍን የሚጠላ ሰው ግን በእስክንድርያ ነበር። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደት የኖረው ባለ ቅኔው ካሊማኮስ ትልቅን መጽሐፍ ከትልቅ ክፋት ጋር አስተካክሎ እንደተናገረ ይነገርለታል፤ የእስክንድርያን ቤተ መጻሕፍት ጽሑፎች የዘረዘረበት የራሱ ሥራ 120 ጥቅል ፈጅቷል መባሉ ነገሩን ያስቃል። እሱም ቢሆን ትልቁን መጽሐፍ ለመውቀስ ቶሞስ የሚለውን ቃል አልፈለገም። ቃሉን ይበልጥ የሚወዱት የመንግሥት ጸሐፍት ነበሩ። ሮማውያን በገዟት ግብፅ የሕዝብ ቆጠራ መግለጫዎችና ሌሎች የቢሮ ሰነዶች በልዩ ልዩ እጅ ተጽፈው ከገቡ በኋላ ጎን ለጎን እየተጣበቁ፣ ከላያቸው ቁጥር እየተጻፈባቸው አንድ ጥቅል ይሆኑ ነበር፤ የዚህ ዓይነቱ ጥቅል የግሪክኛ ስም «የተጣበቀ ቶሞስ» ነው። የተጣበቀ ቁራጭ! ቃሉ ገና በጠዋቱ ከቢላዋው ተላቅቆ የአንድ መዝገብ አሃድ ስም ሆኗል፤ ቁጥር የሚሰጠው፣ ከሌሎች መሰሎቹ ጋር ተራ የሚይዝ ክፍል። ይህ የክፍልነትና የተራ ቁጥር ሥራ ነው ኋላ የቃሉን ዕድል የሚወስነው።

ጥቅልን ያሸነፈው ቅጠል ያለው፣ በጠርዙ የሚሰፋው መጽሐፍ ሲመጣ ግዝፈትን ይዞ አልመጣም። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ በሮም ይኖር የነበረው ገጣሚ ማርሻል ከብራና የተሠሩትን አዲስ መጻሕፍት ያሞገሰው ትንሽ በመሆናቸው ነው፤ ለመንገደኛ ይመቻሉ፣ ግዙፉ ሊቪ እንኳ በጥቂት ቆዳ ይጠቃለላል ይላል። የቅጠሉ ሁለቱም ፊት ስለሚጻፍበት ብዙ ቃል በትንሽ ቦታ ገባ። ከዚያ በኋላ ግን፣ ለኪስ የተሞገሰው ቅርጽ የጥቅል እጅ የማይሸከመውን ሁሉ በአንድ ጀርባ ላይ ሰፍቶ መያዝ እንደሚችል ታየ። ክርስቲያኖች ቀድመው የወሰዱትም ይህን ቅርጽ ነው። ቆስጠንጢኖስ ለአዲሲቱ ከተማው አብያተ ክርስቲያናት 50 የቅዱሳት መጻሕፍት ቅጂዎች እንዲዘጋጁለት የቂሳርያውን አውሳብዮስ አዝዞ ነበር። በዚያው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው፣ በደብረ ሲና የቅድስት ካትሪን ገዳም የቆየው የሲና ብራና ሲሠራ ከ700 በላይ ቅጠሎች እንደነበሩት ይገመታል፤ ከ400 የሚበልጡት ዛሬም አሉ፣ ገጹም 38 ሴንቲሜትር ያህል ቁመት አለው። እንግዲህ ግዙፉ መጽሐፍ ተወለደ። ስሙስ? ቶሞስ በዚያ መቶ ክፍለ ዘመን የት እንደነበረ ብንፈልግ ከግዙፉ መጽሐፍ ጋር አናገኘውም። በ362 ዓ.ም. በእስክንድርያ የተሰበሰበው በአትናቴዎስ የሚመራው ጉባኤ ለአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን የላከው ደብዳቤ ቶሞስ ይባላል። በ449 ዓ.ም. የሮሙ ሊቀ ጳጳስ ልዮን ለቁስጥንጥንያው ፍላብያኖስ የጻፈው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በኬልቄዶን ጉባኤ ተነቦ የክርስቲያኑን ዓለም የከፈለውም እንዲሁ ቶሙስ ነው። በጥቂት ገጾች የሚያልቅ ደብዳቤ ነው። አብያተ ክርስቲያናትን ለአሥራ አምስት መቶ ዓመታት ማለያየቱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በእጅ ሲያዝ ግን ቀላል ነበር።

የግዕዝ ታሪክም ይህንኑ ያረጋግጣል። ከግሪኩ ቶሞስ «ቶማሪዮን» የሚል ማሳነሻ ይወጣል፤ ትንሽ ቁራጭ፣ ትንሽ ጥቅል ማለት ነው። ግዕዝ «ጦማር» የሚለው ቃሉ ምንጩ እዚህ ነው፤ ጴጥሮስና ጢሞቴዎስ ከሚሉት ስሞች እንደምናየው የግሪኩ ት ወደ ግዕዝ ሲገባ ጠ ይሆናል። ዐረብኛም ይህንኑ ቃል «ጡማር» ብሎ ለጥቅል ይጠቀምበታል። ስለዚህ ጦማርና እንግሊዝኛው ቶም የአንድ አያት ልጆች ናቸው፤ አንዱ ደብዳቤ፣ አንዱ የማይነሣ መጽሐፍ ሆኖ አደገ። የልዮን ደብዳቤ በእኛ ጸሐፍት ዘንድ የልዮን ጦማር ሲባል ቃሉ ከላቲኑ አጠራር ጋር አንድም ሳይዛነፍ ይገጥማል። ኢትዮጵያ ግዙፍ መጽሐፍ ስላልነበራት ነው ቃሉ ትንሽ ሆኖ የቀረው የሚል ካለ አያስኬደውም። በዓድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌላት በብራናቸው የካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተሠሩ ተገምቷል፤ ከዚያ ወዲህም አትሮንስ የሚፈልጉ ስንክሳሮችና ግንዘቶች በየገዳሙ ተጽፈዋል። እነዚህን የምንጠራበት ቃል ግን ከራሱ ከግዕዝ ግሥ የወጣው «መጽሐፍ» ስለሆነ ጦማር በእነሱ ላይ የሚሠራው ሥራ አልነበረውም። አንድ ማስረጃ ብቻ ይህን የሚቃወም ይመስላል፦ ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የሚሰጠው የ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድርሰት ጦማረ ትስብእት ይባላል፣ እሱም ተራ ደብዳቤ አይደለም። እውነት ነው፤ ሆኖም ድርሰቱ ለምእመናን የተላከ ትምህርት ነው፣ ጦማር የተባለውም እንደ መልእክት ስለሚናገር እንጂ በገጹ ብዛት አይደለም። የንጉሡ ሌላው ሥራ መጽሐፈ ብርሃን መባሉ ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን፣ ሳይምታቱ ይኖሩ እንደነበር ያሳያል።

ወደ ምዕራብ እንመለስ፤ ግዝፈት ብቻውን ስም እንደማይወልድ በጉልህ የሚታየው እዚያ ነው። በሰሜን እንግሊዝ በዌርማውዝና ጃሮ ገዳም አባ ሴኦልፍሪዝ ሦስት ሙሉ መጽሐፍ ቅዱሶች አስጽፈው አንዱን ለሮም ሊያበረክቱ በ716 ዓ.ም. ይዘውት ተነሡ፤ መንገድ ላይ ፈረንሳይ ውስጥ ሞቱ። መጽሐፉ አሁን በፍሎሬንስ ይገኛል፤ ከ1000 በላይ ቅጠሎች፣ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ክብደት አለው። ለእንዲህ ያለ ሥራ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥጆች ቆዳቸውን ሰጥተዋል፤ ከገዳሙ መንጋ አንጻር ሲታይ እያንዳንዱ ግዙፍ መጽሐፍ የብዙ ዓመት እርባታ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በቦሄሚያ የተጻፈው ኮዴክስ ጊጋስ ደግሞ ቁመቱ 90 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 75 ኪሎ ነው፤ በ1648 የስዊድን ወታደሮች ከፕራግ ዘርፈው ስለወሰዱት እስከ ዛሬ በስቶክሆልም ተቀምጧል። ስሙ ግዙፍ መጽሐፍ ማለት ነው፣ ግን በሁለት ቃል። ላቲን ኮዴክስ ላይ «ግዙፍ» ብሎ ጨመረ እንጂ ለዚህ አውሬ ለብቻው የተሠራ ቃል አልነበረውም፤ ቶሙስም ለዚህ ሥራ አልተጠራም። ከሃሪስ ፓፒረስ እስከ ኮዴክስ ጊጋስ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ አልፏል፤ ቃሉ ገና ክፍልና ጦማር ነው።

ይህን የለወጠው ማተሚያ ቤት ነው፣ እሱም በቀጥታ አይደለም። የጉተንበርግ መጽሐፍ ቅዱስ በ1455 ገደማ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ በሁለት ጥራዝ ይጠረዝ ነበር። ከዚያ የባዝል፣ የፓሪስና የቬኒስ አታሚዎች የቤተ ክርስቲያን አባቶችን ሥራ ጠቅላላ ስብስብ ማተም ጀመሩ። ሊቁ ኤራስመስ ከፍሮቤን ማተሚያ ቤት ጋር በ1516 ያወጣው፣ ከእነዚህ አባቶች አንዱ የሆነው የጄሮም ሥራ ዘጠኝ ጥራዝ ነው። ወረቀቱ አንዴ ብቻ ታጥፎ ሁለት ትላልቅ ቅጠል የሚሆንበት፣ ፎሊዮ የሚባለው መጠን ነው የተመረጠው፤ እንዲህ ያለውን ጥራዝ አንዱን ከአንዱ ለመለየት በርዕስ ገጹ ላይ ቶሙስ አንድ፣ ቶሙስ ሁለት ይባላል። ያ የግብፅ ቢሮ የተራ ቁጥር ሥራ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። የእንግሊዝ አንባቢ ቶም የሚለውን ቃል በራሱ ቋንቋ ማየት የጀመረው በዚህ ጊዜ፣ በ1510ዎቹ ነው፤ ትርጉሙም የብዙ ክፍል ሥራ አንድ ክፍል ነበር። እዚህ ላይ አንድ እንግዳ ነገር ተፈጠረ። እንግሊዝኛ ለዚህ ሥራ ከዚያ በፊት ሌላ ቃል ነበረው፦ ቮልዩም፣ «ጠቀለለ» ከሚል የላቲን ግሥ የወረደ የጥቅል ስም። ይህኛው ቃል ግዝፈትን ከቶም ቀድሞ ቀምሷል፤ በ1538 በየደብሩ እንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ እንዲቀመጥ የታዘዘበት የመንግሥት ደብዳቤ ቅጂው ትልቁ ቮልዩም እንዲሆን ሲያዝ መጠንን ማለቱ ነው። ሁለት እንግዶች አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

የሁለቱን ግፊያ የሚያሳይ ሰነድ አለ። በ1547 የኤድዋርድ 6ኛ መንግሥት እያንዳንዱ ደብር የኤራስመስን የወንጌል ማብራሪያ በእንግሊዝኛ ገዝቶ ምእመናን ሊያነቡት በሚችሉበት ቦታ እንዲያኖር አዘዘ። መጽሐፉ በ1548 ሲታተም ርዕሱ «የመጀመሪያው ቶም ወይም ቮልዩም» ብሎ ይጀምራል። አታሚው ሁለቱንም ጻፈ፤ አንዱ ብቻውን ይገባል ብሎ ያላመነ ይመስላል። ይህ ወፍራም ፎሊዮ በሺህ በሚቆጠሩ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ቶም የሚል ስም ከፊቱ ተለጥፎበት ተቀመጠ፤ ሌላ መጽሐፍ ነክቶ የማያውቅ ገበሬ ሳይቀር ቶም ማለት ምን እንደሚመስል በዓይኑ አየ። ቃሉ ግን ገና ሥራውን አልለቀቀም። በ1563 የወጣው ሁለተኛው የስብከት መጽሐፍ ሁለተኛ ቶም ተባለ። ዊልያም ፔይንተር የተረት ስብስቡን ቀጣይ በ1567 ሲያወጣ እሱንም ሁለተኛ ቶም አለው፤ የመዝናኛ ተረት ነው፣ ግዝፈትም ሊቅነትም የለበትም። በ1570ዎቹ ግን ቶም «ትልቅ መጽሐፍ» ማለት ሆኖ በጽሑፍ መታየት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ ርዕስ ገጾች ላይ ተራ ቁጥር የሚቀበለው ቮልዩም እየሆነ ሄደ። ቶም ቁጥሩን አጣ፤ የቀረለት ሰዎች ያዩት ቅርጽ ብቻ ነበር፤ እንደ ጄሮምና እንደ ኤራስመስ ጥራዞች ሁለት እጅ የሚጠይቅ ነገር።

የመጀመሪያው ጠንካራ ተቃውሞ ከፈረንሳይ ይመጣል። የፓሪስ አታሚዎች ፎሊዮ ከለንደን ባልተናነሰ አትመዋል፤ ያ የወፍራም መጽሐፍ መልክ ቃሉን ካከበደው ፈረንሳይኛው ለምን አልከበደም? መልሱ በዚያ የሥራ ክፍፍል መኖሩ ነው። ፈረንሳዮች ደራሲው ሥራውን የከፈለበትን ክፍል ቶም፣ ጠራዡ በአንድ ሽፋን ያደረገውን አካል ቮልዩም ይላሉ፤ ሁለት ቶም በአንድ ቮልዩም ሊጠረዝ ይችላል። የዲድሮ ኢንሳይክሎፔዲያ በ1751 ሲጀመር የመጀመሪያ ቶም ተብሎ ነው። ስፔንኛና ጣሊያንኛም ቶሞ ብለው ዛሬ ድረስ ይቆጥራሉ። ሥራውን ያልተነጠቀበት ቦታ ሁሉ ቃሉ ቀላል ሆኖ ቀርቷል፤ የእኔ ክርክርም ይኸው ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ የክብር ጉዳይ ነው፦ እንግሊዞች የላቲን ሽታ ያለውን ቃል ለከበደ ነገር ይመርጣሉ፣ ከዚህ ሌላ ምክንያት አያስፈልግም ይላል። ሽታው አልረዳም አልልም። ግን ኮዴክስም ቮልዩምም ከቶም ያላነሰ ላቲን ናቸው፤ የፔይንተር ተረቶችም ቃሉ በ1567 ከሊቃውንት መንደር ወጥቶ በገበያ ይውል እንደነበር ይመሰክራሉ። ሦስተኛውን በከፊል እቀበላለሁ። ቮልዩም ሥራውን ይዞ ሳለ መጠን የሚል ትርጉምም አበጀ፤ ዛሬ የሬዲዮ ድምፅ ከፍና ዝቅ የምናደርግበትን ቮልዩም ያገኘነው በዚያ በኩል ነው። የመጽሐፉ አካል በቃላት ላይ ጫና እንዳለው ይህ ያሳያል። ይሁንና ቮልዩም መጠንን ከመጽሐፍ አውጥቶ ለበርሜሉም ለድምፁም ሰጠው፤ ከቁጥር ጋር ያለው ቁርኝትም አልተቋረጠም። ግዝፈትን ብቻ ይዞ ከመጽሐፍ ጋር የቀረው ቶም ነው።

ቀሪው ታሪክ ፈጣን ነው፣ ከትልቁ መጽሐፍ ጀርባ ያለው መቁረጥ ግን አልቆመም። ኢንሳይክሎፔዲያ ብሪታኒካ በኤዲንብራ ከ1768 እስከ 1771 የወጣው በትንንሽ ክፍሎች እየተሸጠ ነው፤ ገዢው ክፍሎቹን አጠራቅሞ በሦስት ጥራዝ ያስጠርዛል። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት የመጀመሪያ ክፍል በ1884 ወጣ፣ የመጨረሻው በ1928፤ ከ40 ዓመት በላይ ተቆራርጦ የተሸጠው ሥራ ቶም የሚለው ቃል ዋና ማሳያ ከሚባሉት ሆነ። ሁለተኛው እትም በ1989 20 ጥራዝ ደረሰ። ብሪታኒካ በ2012 የወረቀት እትሙን ማቆሙን ሲያስታውቅ የመጨረሻው 32 ጥራዝ ነበር። ወረቀቱ ከሄደ በኋላም እንግሊዝኛ ቶም የሚለውን ትቶ አልሄደም፤ ቁጥሩን ካጣ ወዲህ ሌላ ሥራ ስለሌለው አሁን የሚጠራው የቀሩትን ወፍራሞች ነው። በምሥራቅ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ግን ቶሞስ እንደ ልዮን ዘመን የውሳኔ ደብዳቤ ነው፤ በጥር 2019 የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ በርተሎሜዎስ ለዩክሬን ቤተ ክርስቲያን ራሷን የመቻል ቶሞስ ሲፈርሙ ዓለም በቴሌቪዥን ያየው አንድ ገጽ ነበር። አማርኛም ጦማርን ከግዕዝ አንሥቶ ኢንተርኔት ላይ ለሚለጠፍ የግል ጽሑፍ፣ ጦማሪ የሚለውንም ለጸሐፊው ሰጥቷል፤ ለመልእክት የተጠራው ቃል ክብደት ሳይጨምር ሥራ አገኘ።